አዳ ላቭሌስ፤ መኪናው ሳይሠራ ፕሮግራሙን የጻፈች ሴት

የኮምፒውተር ትምህርት የጀመርን ተማሪዎች ከሞላ ጐደል ሁላችን አንድ ቦታ ላይ እንቆማለን። መደመርና ማባዛት፥ ስምን ተቀብሎ መልሶ ማሳየት፥ ይህን የመሰለው ሁሉ በጥቂት ቀን ይለመዳል። ነገር ግን ሉፕ የምንለው ዙርና ኢፍ የምንለው ምርጫ ሲመጣ ብዙዎቻችን እንሰናከላለን። ዙሩ ከሚገባው አንድ ጊዜ ያንሳል ወይም አንድ ጊዜ ይበልጣል፤ አልፎ አልፎም ጨርሶ አልቆም ይላል። ምርጫውም ወደ ቀኝ ሲሉት ወደ ግራ ይሄዳል።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ጓደኛችን ይህ ትምህርት ለዚሁ ለተፈጠሩ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ነው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው የጐረቤቱን መልስ ገልብጦ ያስረክባል። ዛሬ ደግሞ ጥያቄውን ብቻ ሲያቀርቡለት ፕሮግራሙን ጽፎ የሚሰጥ የኮምፒውተር ረዳት ስለ ተገኘ፥ በእጅ መለማመድ ከእንግዲህ ምን ይጠቅማል የሚል ክርክር በመካከላችን ተነሥቷል። እኛም በዚህ ክርክር ላይ አሳባችንን ከመስጠታችን አስቀድሞ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ይህች ሴት ዙርንና ምርጫን የተለማመደችው በዓለም ላይ አንድም ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን፥ በእርሳስና በወረቀት ብቻ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ልደቷና አስተዳደጓ

ኦገስታ አዳ ባይረን ዲሴምበር 10 ቀን 1815 ዓ. ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባቷ ስመ ጥሩው ገጣሚ ሎርድ ባይረን፥ እናቷም አናቤላ ሚልባንክ ነበሩ። የሁለቱ ትዳር ግን አንድ ዓመት ያህል እንደ ቈየ ፈረሰ። አዳ ገና የአንድ ወር ልጅ ሳለች እናቷ ልጇን ታቅፋ ከባሏ ቤት ወጣች፤ ገጣሚውም በ1816 ዓ. ም. አገሩን ለቆ ሄደ፥ በሕይወቱም ወደ እንግሊዝ አገር አልተመለሰም። ለግሪኮች ነጻነት ሊረዳ በሄደበት አገር በ1824 ዓ. ም. በ36 ዓመት ዕድሜው ሲሞት ልጁ የስምንት ዓመት ሕፃን ነበረች። አባቷን በዓይኗ አላወቀችውም ማለት ይቻላል።

እናቲቱ ራሷ የሒሳብ ትምህርት ወዳጅ ነበረች። ልጅቱ የአባቷን የተቅበዘበዘ ጠባይ እንዳትወርስ ትፈራ ስለ ነበር፥ ሒሳብ ለልጁቱ አሳብ ልጓም ይሆናል ብላ በማመን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስተማሪ ቀጠረችላት። ይሁን እንጂ ልጓሙ ፈረሱን አላቆመውም። አዳ በ1828 ዓ. ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለች ለመብረር አሰበች። አሳቡንም እንደ ልጅ ጨዋታ አልያዘችውም፤ የወፎችን አካል መረመረች፥ የክንፋቸውን ርዝመት ከሰውነታቸው ጋር አመዛዘነች፥ ክንፉ ከምን እንደሚሠራም ማሰብ ጀመረች። በዓመቱ ግን ኩፍኝ ያዛትና እግሮቿ ሰነፉ፤ ብዙ ጊዜ በአልጋ ላይ ከዋለች በኋላ በምርኩዝ ተደግፋ መሄድን እንደገና ተማረች። ሕመም ከዚያ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቷ ከርሷ አልራቀም።

ከመኪናው ጋር የተገናኘችበት ጊዜ

ጁን 5 ቀን 1833 ዓ. ም. በ17 ዓመቷ በአንድ ግብዣ ላይ ቻርልስ ባቤጅ ከተባለው የሒሳብ ሊቅ ጋር ተዋወቀች። ባቤጅ በዚያን ጊዜ የ41 ዓመት ሰው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ እናትና ልጅ ወደ ቤቱ ሄደው የሠራውን የሒሳብ መኪና አዩ። የዚያ ዘመን መርከበኞችና መሐንዲሶች ሥራቸውን የሚሠሩት በታተሙ የሒሳብ ሠንጠረዦች ነበር፤ ሠንጠረዦቹን ግን ሰዎች በእጃቸው ስለሚያሰሉዋቸው ስሕተት አይጠፋባቸውም ነበር። ባቤጅ ይህን ስሕተት ለማስወገድ በጥርሳም ጐማዎች የሚሠራ፥ በመደመር ብቻ ሠንጠረዥ የሚያወጣ መኪና ጀምሮ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ወደ 17,000 ፓውንድ ካወጣበት በኋላ በ1842 ዓ. ም. ተወው። አዳ ያየችው የዚህን መኪና ከፊል ነው። ሌሎች እንግዶች እንደ ትርኢት አይተው ሲሄዱ እርሷ ግን አሠራሩን ለመረዳት ፈለገች።

ባቤጅ ብዙም ሳይቈይ ከዚህ የሚበልጥ አሳብ መጣለት። አናሊቲካል ኢንጂን ብሎ የሰየመው አዲሱ መኪና አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የሚሠራ ሳይሆን የታዘዘውን ማናቸውንም ስሌት የሚፈጽም እንዲሆን ታሰበ። ቁጥሮች የሚቀመጡበትን ክፍል ጎተራ፥ የሚሰሉበትን ክፍል ወፍጮ አለው። ትእዛዙንም በተበሱ ካርዶች እንዲቀበል አደረገ። ካርዱን የወሰደው ዣካር የተባለው ፈረንሳዊ ካሻሻለው የሸማ ዕቃ ነው። አንድ ሸማኔ ጥለት ሲጥል የትኛው ድር ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር በልቡ ይቈጥራል፤ በዣካር ዕቃ ላይ ግን ይህን የሚያስታውሰው የተበሳው ካርድ ነው። ባቤጅ በዚህ ዕቃ በሐር የተሸመነ የዣካርን ሥዕል ነበረው፤ ለዚያ አንድ ሥዕል 24,000 ካርድ ያህል አስፈልጓል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በ1812 ዓ. ም. የኖቲንግሃም ሸማኔዎች እንጀራችንን ነጠቁን ብለው አዲሶቹን መኪናዎች በሰበሩ ጊዜ፥ ሰባሪዎቹ በሞት እንዲቀጡ የቀረበውን ሕግ በእንግሊዝ መኳንንት ምክር ቤት ተነሥቶ የተቃወመው የአዳ አባት ሎርድ ባይረን ነበር። አባት ስለ ሸማኔዎቹ ተሟገተ፤ ልጅ ደግሞ ከሸማ ዕቃ ስለ ተወለደው መኪና ጻፈች።

እንደገና ተማሪ

አዳ በ1835 ዓ. ም. ዊልያም ኪንግ የተባለውን መስፍን አገባች። ባሏ በ1838 ዓ. ም. የላቭሌስ ኤርል ተብሎ ስለ ተሾመ ከዚያ ወዲህ የላቭሌስ እመቤት ተባለች። እስከ 1839 ዓ. ም. ድረስ ሦስት ልጆች ወለደች። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ተማሪ አይቀበሉም ነበር። ስለዚህ ትምህርቷን ለመቀጠል የነበራት መንገድ ሊቃውንትን በግል መለመን ብቻ ነው። በሳይንስ ጽሑፎቿ የታወቀችው ሜሪ ሶመርቪል ወዳጅና መካሪ ሆነቻት። በ1840 ዓ. ም. ደግሞ በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ኦገስተስ ደ ሞርጋን በደብዳቤ ሊያስተምራት ጀመረ።

ደብዳቤዎቹ ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን በተባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ያነበባቸው ሰው የሚያየው እኛኑ የመሰለች ተማሪ ነው። አንዱ ፊደል በሌላው ሲተካ ትርጓሜው እንዴት እንደሚለወጥ ሳይገባት ቀርቶ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ መልመጃ ስትሠራ ትስታለች፤ ስታርም ሌላ ትስታለች። ነገር ግን አንድ ጠባይ ነበራት፤ ምክንያቱን ሳትረዳ አንዲት እርምጃ እንኳ አታልፍም ነበር። ሌላው ተማሪ ዘዴውን በቃሉ ይዞ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ሲሻገር እርሷ ወደ ኋላ ተመልሳ ለምን እንዲህ ሆነ ትላለች። በዚሁ ዓመት በነጠላ ተጫዋች የሚጫወቱትን የጠጠር ጨዋታ ተምራ፥ ጨዋታውን ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ደንብ በሒሳብ ይጻፍ እንደ ሆነ ለባቤጅ ጽፋለታለች። ጨዋታን ወደ ደንብ፥ ደንብን ወደ ተራ ትእዛዞች መለወጥ የፕሮግራም ትምህርት መጀመሪያው አይደለምን?

የ1843 ዓ. ም. ሥራ

ባቤጅ በ1840 ዓ. ም. ወደ ጣሊያን አገር ወደ ቶሪኖ ሄዶ ስለ አዲሱ መኪናው አስተማረ። ከሰሙት አንዱ ሉዊጂ ሜናብሬያ የተባለው ወጣት መሐንዲስ፥ ኋላም የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፥ ትምህርቱን በፈረንሳይኛ ጽፎ በ1842 ዓ. ም. አሳተመ። አዳ ይህን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመችው። ባቤጅም ነገሩን ይህን ያህል ስታውቅ ለምን የራሷን ጽሑፍ እንዳልጻፈች ጠየቃት፤ ቢያንስ ማብራሪያ እንድትጨምርበት መከራት። እርሷም ሰባት ማብራሪያ ጨመረች፤ ማብራሪያዎቹ ከዋናው ጽሑፍ ሁለት እጥፍ በላይ ሆኑ። በ1843 ዓ. ም. ሲታተም ስሟ ሙሉውን አልተጻፈም፤ የስሟ መነሻ የሆኑት ሦስት ፊደላት ብቻ ታተሙ።

የመጨረሻው ማብራሪያ ዛሬም የሚነሣበት ምክንያት በውስጡ ስላለው ሠንጠረዥ ነው። አዳ መኪናው የሰው እጅ አስቀድሞ ያላሰላውን ነገር በራሱ ሊያወጣ እንደሚችል ለማሳየት የቤርኑሊ ቁጥሮች የሚባሉትን መረጠች። እነዚህ ቁጥሮች ተከታታይ ሲሆኑ ጠባያቸው እያንዳንዱ ከርሱ በፊት ካሉት ሁሉ መገኘቱ ነው። አራተኛውን ለማግኘት የመጀመሪያዎቹን ሦስት መያዝ ግድ ነው። እርሷ በተከተለችው አቆጣጠር የመጀመሪያው 1/6፥ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 1/30፥ ሦስተኛው 1/42፥ አራተኛውም እንደ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 1/30 ነው።

በዚያ በጋ በአዳና በባቤጅ መካከል ደብዳቤ ከቀን ወደ ቀን ይመላለስ ነበር። ባቤጅ ድካም ሊያቃልልላት ብሎ የአልጀብራውን ክፍል ሠርቶ ቢልክላት በውስጡ ከባድ ስሕተት አግኝታ መለሰችለት፤ ይህንንም ባቤጅ ራሱ በ1864 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። ሠንጠረዡን በእርሳስ ስትጨርስ ባሏ ተቀምጦ በቀለም ደመቅ አድርጎ ጻፈላት።

ሠንጠረዡ ምን ያስተምራል

ሠንጠረዡ 25 ተራ ትእዛዞች አሉት። በየተራው የትኞቹ የጎተራ አምዶች እንደሚወሰዱ፥ ምን እንደሚደረግባቸው፥ ውጤቱም በየትኛው አምድ እንደሚቀመጥ ተጽፏል። ለእኛ ለጀማሪዎች ከዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይጠቅሙናል።

አንደኛው የአምዱ ዋጋ መለወጡ ነው። በአልጀብራ አንድ ፊደል በአንድ ጥያቄ ውስጥ አንድ ዋጋ ብቻ አለው። በፕሮግራም ግን ቈጣሪው አንድ ተጨምሮበት እንደገና ያው ቈጣሪ ይሆናል። ይህን እንደ ሒሳብ እኩልነት ያነበበ ጀማሪ ነገሩ ሐሰት ይሆንበታል። ማብራሪያው ይህን ችግር የሚያልፈው ከአምዱ ስም በላይ በስተግራ ትንሽ ቁጥር በማስቀመጥ ነው፤ ዋጋው በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ይህች ቁጥር በአንድ ታድጋለች። ስለዚህ የቀድሞውና የአሁኑ ዋጋ አይምታቱም።

ሁለተኛው ዙሩ ነው። ከ13ኛው እስከ 23ኛው ያሉት 11 ትእዛዞች አንድ ጊዜ ተጽፈው በሚያስፈልገው መጠን ይደገማሉ። 10ኛው አምድ ቈጣሪያቸው ነው። አራተኛውን ቁጥር ስናሰላ በዚህ አምድ በ7ኛው ትእዛዝ 3 ይቀመጣል፤ በ12ኛው 2 ይሆናል፤ ዙሩ አንድ ጊዜ ሲያልቅ 1፥ ሁለተኛ ጊዜ ሲያልቅ ዜሮ ይሆናል። በመጨረሻም 25ኛው ትእዛዝ በዋናው ቁጥር ላይ አንድ ይጨምርና ሥራው ሁሉ ለሚቀጥለው ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀመራል። ዙር በዙር ውስጥ የምንለው ይኸው ነው፤ አዳም በሌላው ማብራሪያዋ የዙሮች ዙር እንዳለ ለይታ ጽፋለች።

ሦስተኛው ምርጫው ነው። ጥያቄው በሠንጠረዡ ውስጥ ራሱን የቻለ ተራ ሆኖ አልተጻፈም፤ የትኛው ክፍል መቼ እንደሚሠራ ግን ማብራሪያው ይናገራል። የመጀመሪያው ቁጥር ሲፈለግ ከ1 እስከ 7 ተሠርቶ በቀጥታ ወደ 24 እና 25 ይታለፋል፤ ይህም 9 ሥራ ነው። ለሁለተኛው ከ8 እስከ 12 ያሉት ይጨመሩና 14 ይሆናል። ለሦስተኛው ዙሩ አንድ ጊዜ ገብቶ 25፥ ለአራተኛው ሁለት ጊዜ ገብቶ 36 ይሆናል። ዙሩ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ፈጽሞ አይገባም። ጀማሪ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ዙር ማለት ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚሠራ ነገር ይመስለዋል፤ ምንም ጊዜ የማይሠራ ዙር መኖሩን ይረሳል።

ከዚህም ሌላ በታተመው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ስሕተት አለ። በ4ኛው ተራ የ4ኛው አምድ ለ5ኛው መካፈል ሲገባው ትእዛዙ ተገልብጦ 5ኛው ለ4ኛው ይካፈል ይላል። በአራተኛው ቁጥር ምሳሌ 7 ለ9 መካፈል ሲገባው 9 ለ7 ሆኗል ማለት ነው። በዚያው ተራ የውጤቱ ዓምድ ግን ትክክለኛውን ያሳያል። እንደ ታተመው የተፈጸመ እንደ ሆነ መልሱ ሁሉ ይበላሻል። ይህን ስሕተት በዓይኑ ብቻ ያነበበ አያገኘውም፤ እርሳስ ይዞ ተራ በተራ የሄደ ግን አራተኛው እርምጃ ላይ ይደርስበታል።

የሕይወቷ ፍጻሜ

ከዚህ ሥራ በኋላ የአዳ ሕይወት መልካም አልሆነም። ባቤጅ መንግሥትን የሚወቅስ ስም የሌለበት መግቢያ ከጽሑፉ ጋር እንዲታተም ፈልጎ እርሷ ስላልተስማማች ተቃየሙ፤ ኋላ ግን ታረቁ። የመኪናውን ሥራ በአስተዳዳሪነት ልምራ ብትለውም አልተቀበላትም። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰለ ሌላ ጽሑፍ አላሳተመችም። በፈረስ እሽቅድድም ውርርድ ገብታ ዕዳ ላይ ወደቀች፤ ጌጧንም እስከ ማስያዝ ደረሰች። በማሕፀን ነቀርሳ ብዙ ከተሠቃየች በኋላ ኖቬምበር 27 ቀን 1852 ዓ. ም. ዐረፈች። ዕድሜዋ እንደ አባቷ 36 ዓመት ነበር። እንደ ፈቃዷም በኖቲንግሃም አውራጃ በሃክኖል ቤተ ክርስቲያን፥ በሕይወቷ ካላወቀችው አባቷ አጠገብ ተቀበረች። ባቤጅም በ1871 ዓ. ም. ሞተ፤ አናሊቲካል ኢንጂን ሳይሠራ ቀረ።

ጽሑፏ 100 ዓመት ያህል ተረስቶ ኖረ። ኮምፒውተር ከተፈጠረ በኋላ ግን በ1950 ዓ. ም. አለን ቱሪንግ በታወቀው ጽሑፉ አሳቧን አንሥቶ ተከራከረበት፤ በ1953 ዓ. ም. ማብራሪያዎቿ በእንግሊዝ አገር እንደገና ታተሙ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያሠራው የፕሮግራም ቋንቋ አዳ ተብሎ በስሟ ተሰየመ፤ የደረጃው ቁጥርም የተወለደችበትን ዘመን ለማስታወስ 1815 ሆነ። አንዳንዶች የመጀመሪያዋ ፕሮግራም ጸሐፊ ይሏታል። ባቤጅ ግን ከ1836 እስከ 1840 ዓ. ም. ባለው ጊዜ ለዚሁ መኪና የትእዛዝ ተራዎችን ጽፎ ሳያሳትማቸው ቀርቷል። ስለዚህ ስሟን ማጋነን አያስፈልገንም፤ ዙሩንና ቈጣሪውን ይህን ያህል አብራርታ ለሕዝብ ያወጣችው እርሷ መሆኗ ይበቃታል።

እኛስ ምን እንማራለን

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። አዳ በማብራሪያዋ መኪናው አዲስ ነገር ከራሱ እንደማያፈልቅ፥ እኛ እንዴት እንደሚታዘዝ የምናውቀውን ሁሉ ግን እንደሚፈጽም አስረድታለች። ይህ አሳብ በዛሬዎቹ መኪናዎች ዘንድ ምን ያህል እንደሚጸና ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። ለእኛ ለጀማሪዎች የሚነካን ቃል ግን እናውቃለን የሚለው ነው። ረዳቱ የጻፈልን ፕሮግራም እንደዚያ እንደ ታተመው ሠንጠረዥ አራተኛው ተራ ላይ ተገልብጦ ይሆናል። በእጁ ያልተለማመደ ሰው ይህን በምን ያውቀዋል? መልሱ የተሳሳተ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ያስረክበዋል፤ ነገ ደግሞ በሆስፒታል ወይም በባንክ ሥራ ላይ ያውለዋል። ረዳት መኖሩን አንቃወምም። የረዳትን ሥራ መመርመር የሚችል ግን ሥራውን ራሱ የሠራ ሰው ብቻ ነው እንላለን።

ተፈጥሮ አላደለችኝም ለሚለው ጓደኛችንም የምንለው አለን። ይህች ሴት ሦስት ልጆች ይዛ፥ ጤና አጥታ፥ የዩኒቨርሲቲ በር ተዘግቶባት፥ በመልመጃ እየሳተችና እያረመች ነው የተማረችው። ምን ጊዜም የምትፈትንበት መኪና አልነበራትም፤ መኪናው እርሷው ራሷ ነበረች። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ አንድ ወረቀት አንሡ። ከ1 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ዙር ጻፉ። ለቈጣሪው አንድ ዓምድ፥ ለድምሩ አንድ ዓምድ፥ ዙሩ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል ለሚለው ጥያቄ አንድ ዓምድ አስምሩ፤ በየተራውም ዋጋቸውን መዝግቡ። ቀጥሎም ጐዶሎ ቁጥሮችን ብቻ እንዲደምር ምርጫ ጨምሩበት። በመጨረሻም 5 በማለት ፈንታ ዜሮ ብትሰጡት ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ድምሩ ለመጀመሪያው 15፥ ለሁለተኛው 9፥ ለሦስተኛው ዜሮ ካልሆነ፥ ስሕተቱ በየትኛው ተራ እንደ ገባ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል።